በአምሳል ተለማምዶ በሕያው ላይ ስለ መሥራት

የሕክምና ጥበብ ሁለት መምህር አለው፤ አንዱ መጽሐፍ ነው፥ ሁለተኛው ልምድ ነው። መጽሐፉን ጠንቅቆ የተማረ ሰው የደዌውን ስም፥ ምክንያቱንና መድኃኒቱን ይናገራል፤ እጁ ያልተማረ እንደ ሆነ ግን በበሽተኛ ፊት በቆመ ጊዜ ዕውቀቱ በአፉ ብቻ ይቀራል እንጂ ወደ ጣቶቹ አይወርድም። ይህ ጉድለት በማናቸውም ሕክምና የሚያሳዝን ነው፤ ደም እየፈሰሳት በሌሊት ወደ ድንገተኛ ሕክምና ክፍል በምትመጣ ሴት ላይ የደረሰ እንደ ሆነ ግን ሕይወት ያጠፋል።

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ያለው የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፥ የስሙን እኩሌታ ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ደብር የወሰደ፥ ሕዝቡም እጅግ የበዛ ሰፈር ነው። የከተማው ቤት ወደ አየር ጤና፥ ወደ ካራ ቆሬ፥ ወደ ቤቴልና ወደ ዓለም ባንክ ሰፈር እየሰፋ በሄደ መጠን፥ በሌሊት ምጥ የያዛት፥ ፅንስ የጨነገፋት ወይም ድንገተኛ ሕመም የጣላት ሴት የምትወሰድበት በር ቅርብ መሆን የሚገባው ሆኗል። በዚሁ ክፍለ ከተማ በዘነበ ወርቅ ሰፈር ያለው አለርት ሆስፒታል አመጣጡ እንደሚታወቀው ለሥጋ ደዌ በሽተኞች ነበር። ከ1928 ዓ.ም. የጠላት ወረራ አስቀድሞ በልዕልት ዘነበ ወርቅ ስም በተቋቋመው ሐኪም ቤት ሥፍራ፥ በ1958 ዓ.ም. ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕክምና፥ ተሐድሶና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ ተመሠረተ። ደዌው በመድኃኒት ኃይል እየቀነሰ በሄደ ጊዜ ማዕከሉ ደጁን ለሌላውም በሽተኛ ከፍቶ፥ ዛሬ የድንገተኛና የአደጋ ሕክምና ጭምር የሚሰጥበት ትልቅ ሆስፒታል ሆኗል። ከመሠረቱ ጀምሮ «ማሠልጠኛ» የሚለው ቃል በስሙ ውስጥ የተጻፈ መሆኑን ማስተዋል ይገባል፤ ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ሐኪሞች በሥጋ ደዌ የደነዘዘውን እጅና እግር እንዴት እንደሚያክሙ የተማሩት በዚህ ቅጥር ግቢ ነው።

(ኮልፌ ስለ ልምምድ ሲነገር ሌላም ታሪክ አላት። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. የጦር ትምህርት የተማሩት በኮልፌ በነበረው የፖሊስ ሠራዊት ሰፈር ነው፤ በዚያም ተኩስንና ፈንጂ ማጥመድን ጠላት በሌለበት ሜዳ ተለማመዱ። ወታደር ወደ እውነተኛው ጦርነት ከመግባቱ በፊት በአምሳያው መለማመድ እንዳለበት ማንም ሰው አይጠራጠርም፤ ስለ ሐኪም ግን ይህ ነገር በሚገባ የታሰበው ዘግይቶ ነው።)

በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የድንገተኛ ክፍል ለብዙ ዘመን የራሱ ሊቅ አልነበረውም። በዚያ የሚቆሙት ትምህርታቸውን ገና የጨረሱ ወይም በመጨረስ ላይ ያሉ ወጣቶች ነበሩ፤ ልምድ ያለው ሐኪም ግን በየክፍሉ ውስጥ ሆኖ እስኪጠራ ይጠብቅ ነበር። የድንገተኛ ሕክምና በልዩ ሙያነት መሰጠት የተጀመረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በኋላ የጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅም ይህንኑ ትምህርት ጀምሯል። እንዲህም ሆኖ የማኅፀንና የጽንስ ሐኪሙ በሌሊት በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ሌላይቱን እናት ይዞ ሳለ፥ በበሩ ላይ ደም እየፈሰሳት የተገኘችውን ሴት በመጀመሪያ የሚነካት እጅ የድንገተኛ ክፍል ሐኪም፥ የጤና መኮንን ወይም ነርስ እጅ ነው። ስለዚህ ይህ እጅ ቢያንስ ጥቂቶቹን የሴቶች ሕክምና ሥራዎች ማወቅ አለበት።

እነዚህ ሥራዎች «ቀላል» ይባላሉ፤ ቀላል መባላቸው ሆድ ሳይከፈት በአልጋ ላይ የሚፈጸሙ በመሆናቸው እንጂ፥ ያለ ጥንቃቄ የሚሠሩ ስለ ሆኑ አይደለም። ከእነርሱ አንዱ በስፔኩለም የማኅፀንን አፍ መመልከት ነው። ፅንስ በጨነገፋት ሴት ላይ ከውስጥ የወጣ ሥጋ በማኅፀኗ አፍ ተቀርቅሮ እንደ ሆነ፥ ደሟ አይቆምም፤ የልቧ ምትና የደም ግፊቷም ይወድቃል። ያን ሥጋ በመቆንጠጫ ቀስ አድርጎ ማውጣት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ሲሆን፥ ብዙ ጊዜ ከሞት አፋፍ ይመልሳታል። ይህን የማያውቅ ሐኪም ግሉኮስ ሰቅሎ፥ ደም እንዲመጣ አዝዞ፥ የማኅፀን ሐኪም እስኪወርድ ይጠብቃል፤ መንሥኤው ግን እዚያው እንደ ተቀረቀረ ነው።

ሁለተኛው በማኅፀን ውስጥ የቀረውን በመምጠጫ ማጽዳት ነው። ይህ በሐኪሞች ዘንድ ኤም ቪ ኤ ተብሎ የሚጠራው መሣሪያ 60 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፥ በእጅ የሚሳብ ትልቅ ስሪንጅና ከፕላስቲክ የተሠራ ቀጭን ቱቦ ነው። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ሙሉ ሰመመንም ሳያስፈልግ በማኅፀን አፍ ዙሪያ በሚወጋ ማደንዘዣ ሊሠራ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በብረት መቧጠጥ ቀርቶ በዚህ እንዲተካ ካሳሰበ ዘመናት ሆነዋል፤ ብረቱ የማኅፀንን ግድግዳ ይጎዳልና።

ሦስተኛው ባርቶሊን በሚባለው ዕጢ ላይ የሚቋጠረውን መግል ማፍሰስ ነው። ሕይወትን በፍጥነት የሚያጠፋ ባይሆንም፥ ሴቲቱ ከሕመሙ ጽናት የተነሣ መቀመጥም መራመድም አትችልም፤ ስለ ኀፍረትም ለባሏ እንኳ ሳትናገር ብዙ ቀን ትቆያለች። ቡፎርድ ወርድ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1964 እ.ኤ.አ. ያስታወቀው ጫፉ ፊኛ ያለው ትንሽ ቱቦ፥ መግሉ ከፈሰሰ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት በውስጡ ቆይቶ ዕጢው ዳግመኛ እንዳይዘጋ አዲስ መውጫ ያበጅለታል። የተሰነጠቀን ቦታ መስፋት፥ ደም እንዳይፈስ በፋሻ መጠቅጠቅ፥ በማኅፀን የተቀመጠ የወሊድ መከላከያ ማውጣትም ከእነዚሁ ሥራዎች ወገን ይቈጠራሉ።

ታዲያ እነዚህን ሥራዎች ወጣቱ ሐኪም እስከ አሁን ከወዴት ሲማር ኖረ? በዓለም ሁሉ ያሉ ሐኪሞች የሚናገሩት አንድ የቆየ አባባል አለ፤ አንድ ጊዜ እይ፥ አንድ ጊዜ ሥራ፥ ከዚያ በኋላ አስተምር ይላል። በዚህ ልማድ «አንድ ጊዜ ሥራ» የተባለው የሚፈጸመው በማን ሰውነት ላይ እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። መልሱም የታወቀ ነው፤ በድኻዪቱ ሰውነት ላይ ነው። ገንዘብ ያላት ሴት የምትሻውን ሐኪም መርጣ ወደ ግል ክሊኒክ ትሄዳለች፤ የሌላት ግን በመንግሥት ሆስፒታል መጋረጃ ውስጥ ተኝታ፥ አንድ መምህርና አራት አምስት ተማሪዎች ከበዋት፥ ተራ በተራ ሲመረምሯት ዓይኗን በሻሽዋ ትሸፍናለች። ይህን ያመጣው የሐኪሞች ክፉ ልብ አይደለም፤ ሌላ የመማሪያ መንገድ ስለ ጠፋ ነው። ቢሆንም ከአውራጃ ለመጣች፥ ሰውነቷን ከባሏ በቀር ለማንም ላልገለጠች ሴት ይህ ሁኔታ ትልቅ መዋረድ ነው፤ አንዳንዲቱም ዳግመኛ ወደ ሐኪም ቤት ላለመመለስ የምትምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ላደገ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ዲያቆን ግብረ ዲቁናውን አጥንቶ፥ በመምህሩ ፊት ደግሞ ደጋግሞ አሰምቶ፥ ዜማው ከቀና በኋላ ነው እንጂ፥ በቅዳሴ መካከል በመቅደስ ቆሞ አይማርም። ጸሓፊም መጀመሪያ ብርዑን የሚያለማምደው በቁራጭ ብራና ነው፤ በወንጌሉ ብራና ላይ የፊደል ቅርጽ የሚማር ጀማሪ የለም። የአንድ ብራና መበላሸት ይህን ያህል ከተፈራ፥ የእናት ማኅፀን መበሳት ምን ያህል ሊፈራ ይገባዋል?

ይህንኑ ያሰበች ሴት በፈረንሳይ አገር ነበረች። አንጀሊክ ዱ ኩድሬ የተባለች አዋላጅ በጨርቅና በቆዳ ሰፍታ፥ ውስጡን በጥጥ ሞልታ፥ የሴት ዳሌና ማኅፀን ከነሕፃኑ የሚመስል አካል ሠራች። በ1759 እ.ኤ.አ. ንጉሥ ሉዊ 15ኛ ፈቃድ ሰጥቷት፥ ይህን «ማሺን» ይዛ ከሃያ ዓመት በላይ ከአውራጃ ወደ አውራጃ እየዞረች በሺሕ የሚቈጠሩ የገጠር ሴቶችን የማዋለድ ጥበብ አስተማረች። ከሥራዋ አንዱ ዛሬም በሩዋን ከተማ ሙዚየም ይታያል። የንጉሡ መንግሥት ለዚህ ሥራ ደመወዝ የከፈለው በምሕረት ብቻ ተነሥቶ አይደለም፤ በወሊድ የሚሞተው ሕፃን ለአገሩ የሚጠፋ ሰው እንደ ሆነ አስቦ ነበር።

በሃያኛው መቶ ዓመት ደግሞ የአውሮፕላን ነጂዎች ቀደሙ። ኤድዊን ሊንክ የተባለው አሜሪካዊ በ1929 እ.ኤ.አ. ከምድር ሳይነሣ የሚያበርሩበትን መለማመጃ ሠራ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪዎቹን በቦሌ ባለው አካዳሚው በሲሙሌተር ያሠለጥናል። በሰማይ ላይ ሞተር ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ ተሳፋሪ ጭኖ የሚማር አብራሪ እንዳለ ቢነገር፥ በዚያ አውሮፕላን የሚሳፈር ባለሥልጣን የሚገኝ አይመስልም።

ወደ ሴቶች ሕክምና ስንመለስ፥ ብዙ ሰው ሊስቅበት የሚችል፥ ነገር ግን እጅግ ጠቃሚ የሆነ አንድ መለማመጃ አለ፤ እርሱም ፓፓያ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ እንደ ተጻፈው፥ የበሰለ ፓፓያ በቅርጹም በመጠኑም ፅንስ የያዘውን ማኅፀን ይመስላል። ቀጭኑ ጫፍ እንደ ማኅፀን አፍ ሆኖ ያገለግላል፤ በውስጡ ያለው ፍሬ በመምጠጫው ይወጣል፤ ግድግዳውም ለስላሳ ስለ ሆነ ያለ አግባብ የተገፋ ቱቦ ይበሳዋል። ተማሪው ፓፓያውን በጨርቅ ሸፍኖ፥ ጫፉን ብቻ ገልጦ፥ በመቆንጠጫ ይይዛል፤ በዙሪያው ማደንዘዣውን የሚወጋበትን ሥፍራ ለይቶ መርፌውን ያስገባል፤ ቱቦውን ቀስ አድርጎ እስከ መጨረሻው ካደረሰ በኋላ ጥቂት መልሶ፥ ስሪንጁን ከፍቶ እያዞረ ይመጣል። ከዚህም በኋላ ፓፓያው ይሰነጠቃል። እዚህ ላይ ነው የትምህርቱ ዋና ነገር ያለው፤ ውስጡ ንጹሕ ሆኖ እንደ ሆነ፥ ፍሬ በጥግ ቀርቶ እንደ ሆነ፥ ግድግዳውም ተበስቶ እንደ ሆነ በዓይን ይታያል። በሕያዊት ሴት ላይ ግን የተበሳው ማኅፀን የሚታወቀው ሆዷ ሲነፋ፥ የቀረውም ሥጋ የሚታወቀው ከጥቂት ቀን በኋላ በትኩሳትና በደም ስትመለስ ነው።

ከውጭ አገር በብዙ ገንዘብ የሚገዛው የላስቲክ አካል የራሱ ጥቅም አለው፤ ደጋግሞ ይሠራበታል፥ አይበሰብስም። ሆኖም በአርባ ምንጭና በሌላውም ቈላ የሚበቅለው ፓፓያ በአዲስ አበባ ገበያ የሚገኝ በመሆኑ፥ የውጭ ምንዛሪ ጠፋ ተብሎ ልምምዱ የሚቆምበት ምክንያት የለም። ለመግሉ እባጭም እንዲሁ ይቻላል፤ የጓንት ጣት ወፍራም ፈሳሽ ተሞልቶ ታስሮ፥ በስፖንጅ ውስጥ ሲቀበር፥ ተማሪው የት እንደሚሰነጥቅና ቱቦውን እንዴት እንደሚያስገባ ይለማመድበታል። በአዲስ አበባ የጥቁር አንበሳና የጳውሎስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የዚህ ዓይነት መለማመጃ ክፍሎች አሏቸው። የጳውሎስ ሆስፒታል በጉለሌ ስላለ ከኮልፌ ሩቅ አይደለም፤ ስለዚህ የአለርት የድንገተኛ ክፍልና የየጤና ጣቢያው ሠራተኞች በተራ እየሄዱ ቢለማመዱ፥ ወይም መምህራኑ ፓፓያቸውን ይዘው ወደ ኮልፌ ቢመጡ፥ የሚያስፈልገው ስምምነትና አንድ መኪና ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ጨዋታ እንዳይመስል ማስረጃውን መመልከት ይገባል። በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ ባለ ሆስፒታል፥ የሕፃኑ ትከሻ በተያዘ ጊዜ የሚደረገውን ረዳትነት አዋላጆችና ሐኪሞች ሁሉ በአምሳል እንዲለማመዱ ግዴታ ተደርጎ ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት እንደሚያስረዳው፥ በዚህ አደጋ ከተወለዱት ሕፃናት መካከል ጉዳት የደረሰባቸው ከ100 9.3 የነበሩት ወደ 2.3 ወርደዋል። በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከ600 በላይ ጥናቶች ተሰብስበው ሲመረመሩ፥ በአምሳል መለማመድ ለዕውቀትና ለእጅ ሥራ ትልቅ ጥቅም እንዳለው ታውቋል፤ ለበሽተኞቹ የሚያመጣው ጥቅም ግን መካከለኛ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ የመጨረሻው ነገር መሸፈን የለበትም። በክፍል ውስጥ የሠለጠነ እጅ በሆስፒታሉ ውስጥ መሣሪያ፥ ደምና መብራት ካላገኘ ልምዱ ብቻውን አያድንም።

ፓፓያም የማይችለው ነገር አለ፤ አይጮኽም፥ አይፈራም፥ ደም አይፈሰውም። ስለዚህ ብልኆች መምህራን ከመለማመጃው በላይ አንዲት ሴት በሽተኛ መስላ እንድትቀመጥ ያደርጋሉ፤ ተማሪው በእጁ ፓፓያውን እየሠራ በአንደበቱ ከእርስዋ ጋር ይነጋገራል። ስሙን ይናገራል፤ ምን ሊያደርግ እንደ ሆነ ይነግራታል፤ ፈቃዷን ይጠይቃል፤ «እመይቴ፥ አሁን ትንሽ ያምዎታል» ብሎ ሳያስጠነቅቅ መርፌ የወጋ እንደ ሆነም እርስዋው ትገሥጸዋለች። በግፍ ለተደፈረች ልጃገረድ የሚደረገው ምርመራ በተለይ በዚህ መንገድ መለማመድን ይሻል፤ በመጀመሪያው ሰዓት የተነገራት ክፉ ቃል ከቁስሉ ይልቅ ሲመርዛት ይኖራልና።

በዚህ ጉዳይ ላይ የካህናት ሐሳብ ምን ሊሆን እንደሚችል የታወቀ ነው። መምጠጫው ፅንስን ለማቋረጥም የሚያገለግል ስለ ሆነ፥ ሥልጠናው ለኃጢአት በር ይከፍታል የሚል ፍርሃት አለ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ፅንስ ማቋረጥን በጠቅላላው ከልክሎ፥ በአንቀጽ 551 በተዘረዘሩት ምክንያቶች ብቻ ፈቅዷል፤ በዚያ አንቀጽ ላይ ያለው ክርክር በዚህ ገጽ የሚያልቅ አይደለም። ነገር ግን ፅንሱ በራሱ ጨንግፎ፥ ርዝራዡ በማኅፀን ቀርቶ ደም የሚፈሳት ሴት የክርክሩ ባለቤት አይደለችም። ከእርስዋ ውስጥ የሚወጣው ሕይወት የሌለው ነው፤ የሚድነው ግን የእርስዋ ሕይወት ነው። ከዚህም በላይ፥ በሌላ ምክንያት ደርሳ ደም የሚፈሳት ብትሆን እንኳ፥ ሐኪሙ ዳኛም ነፍስ አባትም ሆኖ በበሩ አልተሾመም።

በወንጌል የተጻፈችው አሥራ ሁለት ዓመት ደም ሲፈሳት የነበረችው ሴት ገንዘቧን ሁሉ ለባለ መድኃኒቶች ጨርሳ እንዳልተሻላት የሚያስታውስ ካህን፥ ዛሬ በካራ ቆሬ ወይም በቀራንዮ አጥቢያ ያለችው ሴት ስለ ደሟ ለማን እንደምትናገር ሊያውቅ ይገባዋል። ብዙዎቹ ለነፍስ አባታቸው ከመናገር በፊት ለጎረቤት ይናገራሉ፤ ጎረቤትም ይህ የሴት ነገር ነው፥ ያልፋል ትላለች። ነፍስ አባት ግን «ጠበል ትጠጪያለሽ፤ ዛሬውኑ ግን ሐኪም ቤት ሂጂ» ያለ እንደ ሆነ ባሏም አይከለክላትም፤ በዚህ ረገድ የአንድ ቄስ ቃል ከሬዲዮ ማስታወቂያ ይልቅ ይሰማል።

መንግሥትም በበኩሉ የሊቃውንት ሐኪሞች ቁጥር እስኪበዛ ድረስ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ እንደማይገባ ከድሮ ጀምሮ አውቆት ነበር። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን ማሠልጠን የጀመረው ሐኪም ለሌለበት አገር ነው። በ2001 ዓ.ም. ግድም ደግሞ በጅማ፥ በሐዋሳና በመቀሌ ዩኒቨርሲቲዎች ጤና መኮንኖች የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የማዋለድ ሥራ በሦስት ዓመት ተምረው ወደ ወረዳ ሆስፒታሎች እንዲሄዱ ተደረገ። እነርሱም ምጥ የጸናባትን እናት በቀዶ ሕክምና ሲያዋልዱ፥ የሚያሾፍባቸው ሁሉ ዝም ብሏል። በብሔራዊው የሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አንጻር የሚሞቱት እናቶች በ1992 ዓ.ም. 871 የነበሩት፥ በ2008 ዓ.ም. 412 መሆናቸው ከብዙ ምክንያቶች የመጣ ነው፤ ሥራን ለሠለጠነ እጅ ሁሉ ማካፈል ግን ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑ አይካድም።

አሁን የቀረው በጤና ሚኒስቴርና በየሆስፒታሉ አስተዳደር እጅ ያለ ነገር ነው። የሙያ ፈቃድ ለማሳደስ ተከታታይ ትምህርት እንዲወሰድ ተደንግጓል፤ ይህ ትምህርት ግን በአዳራሽ ተቀምጦ ንግግር ሰምቶ፥ ሻይ ጠጥቶ፥ የምስክር ወረቀት ይዞ መሄድ ብቻ ከሆነ ጣቶቹን አያስተምርም። በድንገተኛ ክፍል የሚመደብ ሁሉ የራሱ መዝገብ ቢሰጠው መልካም ነው፤ ምን ያህል ጊዜ በአምሳል እንደ ሠራ፥ ስንቱን እንደ በሳ፥ መምህሩ «አሁን በሕያዊት ሴት አጠገብ መቆም ትችላለህ» ብሎ የፈረመበት ቀን ይጻፍበት። የበሳውን ቁጥር መጻፍ አያሳፍርም፤ ፓፓያ ነውና። ያልተሠራበት እጅ በጥቂት ወራት ውስጥ ስለሚረሳ፥ ፊርማው በዓመት አንድ ጊዜ ሳይሆን በየስድስት ወሩ መታደስ አለበት፤ ለዚህም መምህሩ ከሌሊት ተራው ተነሥቶ የሚያስተምርበት ሰዓት በሥራ ሰሌዳው ላይ ካልተመደበለት፥ መለማመጃው ክፍል ቁልፉ በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ሆኖ ተዘግቶ ይከርማል።